ዝገት የሚያጸዳው ውሃ፦ ናኖ ብረት ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ወንዝ ሲበከል ይታያል፤ ይሸታል፤ ዓሣው ሞቶ ይንሳፈፋል፤ ሰው ይጮኻል። የከርሰ ምድር ውሃ ሲበከል ግን ለዓይን የሚታይ ነገር የለም። ውሃው ጥርት እንዳለ ይቀዳል፣ ይጠጣል። መመረዙ የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ኬሚካሉ መሬት ውስጥ ከገባ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሆኖት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለውን ብክለት አፈሩ ተቆፍሮ ሳይወጣ፣ እዚያው ባለበት ለማጽዳት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ እጅግ የደቀቀ ብረት ወደ ከርሰ ምድር ማስገባት ነው። ብረቱ «ናኖ ብረት» ይባላል። ስለ እርሱ የሚወራው ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጽንፍ ያጋደለ ነው። አንዳንዱ መርዝን እያሳደደ የሚውጥ ተአምረኛ ዱቄት ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ «ናኖ» የሚለውን ቃል ገና ሲሰማ አዲስ መርዝ የመጣ ይመስለዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ነገሩ የሚገባን ዝገት ምን እንደሆነ ስንረዳ ነው። ከዚያ በፊት ግን ችግሩን እንይ።

## ውሃውን በፓምፕ አውጥቶ ማጣራት ለምን አይበቃም?

ከናኖ ብረት ጋር ስሙ በብዛት የሚነሣው በካይ ትራይክሎሮኢቲሊን ነው። ፋብሪካዎች የብረት ዕቃን ከቅባት ለማጽዳት ለረጅም ዘመን ተጠቅመውበታል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ቴትራክሎሮኢቲሊን ደግሞ የደረቅ እጥበት ቤቶች ዋነኛ ኬሚካል ነበር። ትራይክሎሮኢቲሊን ካንሰር አምጪ መሆኑ ተረጋግጧል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን በሊትር 5 ማይክሮግራም ነው። በሌላ አነጋገር 1 ግራም ኬሚካል 200 ሺህ ሊትር ውሃን እዚህ ወሰን ላይ ያደርሰዋል።

ትራይክሎሮኢቲሊን ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትሩ 1.46 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ነዳጅ ቢሆን ኖሮ ከርሰ ምድር ውሃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ይህ ግን ውሃውን አልፎ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ሲያጋጥመው እዚያ ይጠራቀማል። ከዚያም በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ ለዐሥርት ዓመታት ውሃውን ሲመርዝ ይኖራል። ውሃው በፓምፕ እየወጣ ቢጣራ የሚጸዳው የወጣው ውሃ ብቻ ነው፤ ምንጩ ታች እንደተቀመጠ ነው። ለዚህ ነው በዚህ መንገድ የተጀመሩ ሥራዎች ብዙ ጊዜ ለዓመታት ሲጓተቱ የሚታዩት።

## ታዲያ ብረት ምን ማድረግ ይችላል?

ብረት ሲዝግ እንደ ጥፋት እናየዋለን። በኬሚስትሪ ቋንቋ ግን መዛግ መስጠት ነው፤ የብረቱ አቶሞች ኤሌክትሮኖቻቸውን ለሌላ ይሰጣሉ። ኤሌክትሮን ማለት በአቶም ዙሪያ የሚገኝ፣ አሉታዊ ኃይል የተሸከመ እጅግ ትንሽ ቅንጣት ነው። ከመሬት በላይ ተቀባዩ ብዙ ጊዜ ኦክስጅን ነው። ጥልቅ ከርሰ ምድር ውስጥ ግን ኦክስጅን እምብዛም የለም። እዚያ ከኤሌክትሮን ተቀባዮቹ መካከል ክሎሪን የተሸከሙ ሞለኪውሎች ይገኙበታል።

የትራይክሎሮኢቲሊን ሞለኪውል ሁለት ካርቦን፣ አንድ ሃይድሮጅንና ሦስት ክሎሪን አለው። መርዛማነቱም ሆነ በቀላሉ አለመፍረሱ ከእነዚህ ክሎሪኖች ጋር የተያያዘ ነው። ብረቱ ኤሌክትሮን ሲሰጠው ክሎሪኑ ከካርቦኑ ተላቅቆ ክሎራይድ ሆኖ ይወጣል። ክሎራይድ በገበታ ጨው ውስጥ ያለው ራሱ ነው። ሦስቱም ክሎሪኖች ሲወጡ የሚቀረው ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ያለው ኢቲሊን ወይም ኢቴን የተባለ ጋዝ ነው። ብረቱም በምትኩ ይዝጋል። መርዙን የዋጠው የለም፤ መርዙ ፈርሷል።

በጽሑፎች ላይ «ዜሮ ቫለንት ብረት» የሚል ስም ታገኛላችሁ። ትርጉሙ ይኸው ነው፦ ኤሌክትሮኖቹን ገና ያልሰጠ፣ ያልዛገ ብረት። ኃይሉ ያለው ገና ባልሰጠው ላይ ነው፤ ሰጥቶ ሲጨርስ ሥራውም ያበቃል። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከእርሱ የሚመዘዝ ነው።

## ሐሳቡ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ ይዘው ነበር። የከርሰ ምድር ውሃ ናሙና የሚወሰድባቸው ቱቦዎች የተሠሩበት ቁስ የናሙናውን ውጤት ያዛባል ወይ? ሲፈትሹ ከብረታ ብረት ጋር የቆየ ውሃ ውስጥ ክሎሪን ያላቸው ኬሚካሎች እየቀነሱ መጡ። ፕሮፌሰር ሮበርት ጊልሃም ይህን እንደ ስሕተት ቆጥረው አላለፉትም። ናሙናን የሚያበላሸው ነገር ብክለትንም ሊያጠፋ ይችላል ብለው ተከታተሉት። እ.ኤ.አ. በ1991 ኦንታሪዮ ውስጥ በሚገኘው የቦርደን ወታደራዊ ሰፈር የብረት ፍርፋሪ የተቀላቀለበት ግድግዳ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ተሞከረ። የተበከለው ውሃ በራሱ ፍሰት በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ክሎሪን ያላቸው ኬሚካሎች እየፈረሱ ሄዱ። ፓምፕም ኤሌክትሪክም አላስፈለገም።

እንዲህ ያሉ ግድግዳዎች ዛሬም ይሠራሉ። ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ኤልሳቤጥ ሲቲ በሚገኝ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ጣቢያ የተቀበረው ነው። ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ጥልቀቱ 7 ሜትር ገደማ ሲሆን ክሮሚየምንም ትራይክሎሮኢቲሊንንም እንዲይዝ ታስቦ ተሠራ። ችግሩ ግድግዳ ቦይ ይፈልጋል። ብክለቱ በጣም ጥልቅ ከሆነ ወይም ከሕንፃ ሥር ከገባ ቦይ መቆፈር አይቻልም። ግድግዳውም ቢሆን የሚጠብቀው ውሃው ወደ እርሱ እስኪመጣ ነው፤ ወደ ምንጩ ራሱ አይሄድም።

እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ቹዋን ባኦ ዋንግና ዌይ ሺያን ዣንግ ይህንኑ ብረት በናኖ መጠን ሠርተው ውጤቱን አሳተሙ። በጣም የደቀቀ ብረት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በጠባብ ጉድጓድ በኩል ብክለቱ ወዳለበት ሊገባ ይችላል። ሐሳቡ ከግድግዳነት ወደ መርፌነት የተሸጋገረው እዚህ ላይ ነው።

## መጠኑ ማነሱ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ቢሆን፣ ለጽዳት የሚውሉት የብረት ቅንጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ናኖሜትር በታች ናቸው።

ጥቅሙን በስሌት ማየት ይቻላል። በእያንዳንዱ ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ዳይስ እናስብ። ክብደቱ 7.9 ግራም ገደማ ነው፤ ስድስቱ ፊቶቹ በድምሩ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው። ኤሌክትሮን መስጠት የሚችለው ከውጭ ጋር የሚገናኘው ይህ ፊት ብቻ ነው፤ ውስጥ የተቀበረው ብረት ተራውን ይጠብቃል። አሁን ይህንኑ ዳይስ ጎናቸው 50 ናኖሜትር ወደሆኑ ዳይሶች እንከፋፍለው። ቁጥራቸው 8 ሺህ ትሪሊዮን ይሆናል። የፊቶቻቸው ስፋት ሲደመር 120 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ያው 7.9 ግራም ብረት ነው፤ የሚሠራበት ፊት ግን 200 ሺህ እጥፍ ሆኗል።

ልዩነቱ የግንድና የጭራሮ ልዩነት ነው። ግንድ ቀስ ብሎ ይያያዛል፤ ከተያያዘ ሌሊቱን ሙሉ ይነድዳል። ጭራሮ ክብሪት ሲነካው ቦግ ይላል፤ ወዲያውም ያልቃል። የብረት ግድግዳው ግንዱ ነው፤ ዓመታት ይቆያል። ናኖ ብረት ጭራሮው ነው። ፍጥነቱን የሚያደንቁ ዘገባዎች ቶሎ ማለቁን ሳይጠቅሱ ሲቀሩ ግማሹን ነገር ትተዋል።

## ቅንጣቱ እንዴት ይመረታል? ምንስ ይመስላል?

ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚዘወተረው ዘዴ ለዓይን የሚማርክ ነው። የብረት ክሎራይድ በውሃ ሟሙቶ የዝገት ዓይነት ቢጫ ቀለም ይይዛል። ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ የተባለ ኬሚካል በጠብታ ሲጨመርበት ጠብታው ያረፈበት ቦታ ወዲያው ይጠቁራል፤ ሃይድሮጅን እየፈላ ይወጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ጠርሙሱ በሙሉ ጥቁር የጽሕፈት ቀለም የሞላበት ይመስላል። ከውጭ ማግኔት ሲጠጋ ጥቁሩ ነገር ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ውሃው ይጠራል። በብዛት ለማምረት ደግሞ የብረት ኦክሳይድን በሃይድሮጅን ውስጥ ማጋል ወይም ብረትን በወፍጮ ማድቀቅ ይቻላል።

ይህ ዱቄት ደርቆ አየር ሲያገኘው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ እንደተዘፈቀ ይጓጓዛል፤ አለዚያም ሆን ተብሎ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይደረግለታል። በዱቄቱ ለሚሠራ ሰው ትልቁ አደጋ ይኸው እሳትና ብናኙ ነው።

ቅንጣቱ በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁለት ክፍል አለው፤ መሐሉ ያልዛገ ብረት፣ ዙሪያው ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር የሚሆን የዝገት ቅርፊት። ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ ኤሌክትሮኖች ያልፉበታል። እርሱ ራሱም ሥራ አለው፤ አርሰኒክና መሰል ነገሮች የሚጣበቁት በእርሱ ላይ ነው።

## ሁሉንም ዓይነት ብክለት ያጠፋል?

አያጠፋም። በጣም የሚያሳስበኝ አለመግባባት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ማፍረስና ማሰር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ክሎሪን ያላቸው ብዙ ኬሚካሎች ይፈርሳሉ። ክሮሚየም፣ አርሰኒክና ዩራኒየም ግን ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ንጥረ ነገርን ኬሚካል አያጠፋውም። ብረት የሚያደርገው ጠባያቸውን መለወጥ ነው። ስድስት ቫለንት የሚባለው ክሮሚየም በውሃ ይሟሟል፣ ከውሃው ጋር ይጓዛል፣ ካንሰር ያመጣል። ከብረት ኤሌክትሮን ሲቀበል ሦስት ቫለንት ይሆናል፤ ይህ እጅግ ያነሰ መርዛማ ሲሆን በቀላሉ ስለማይሟሟ እዚያው አፈሩ ውስጥ ይዘቅጣል። ዩራኒየምም በተመሳሳይ መንገድ ወደማይሟሟ ዓይነቱ ይለወጣል። አርሰኒክ ደግሞ ዝገቱ ላይ ይጣበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የአርሰኒክ ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ብረት ውሃውን ከዚያ በታች ሊያወርደው ይችላል። ሆኖም መርዙ አልጠፋም፤ ታስሯል። ወደፊት አካባቢው ተለውጦ ባክቴሪያዎች ዝገቱን ካሟሙት አርሰኒኩ ሊለቀቅ ይችላል። ስለዚህ የታሰረ በካይ ያለበት ቦታ «ጸድቷል» ተብሎ አይረሳም፤ ክትትል ይፈልጋል።

ናይትሬት ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ናኖ ብረት ናይትሬትን ከውሃ ውስጥ ያጠፋል፤ በብዛት የሚለውጠው ግን ወደ አሞኒየም ነው። አሞኒየምም ራሱ በካይ ነው። «ናይትሬቱ በዚህን ያህል መቶኛ ቀነሰ» የሚል ውጤት ስታነቡ፣ ወደ ምን ተለወጠ ብላችሁ ጠይቁ።

ነዳጅና ቤንዚን ኤሌክትሮን ቢሰጣቸው አይፈርሱም፤ የሚፈልጉት ተቃራኒውን ነው። ለእነርሱ ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ተጣምሮ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1894 በሄንሪ ፌንተን የተገለጸው ይህ ዘዴ ሌላ ርዕስ ነው። ፍሎሪን የተሸከሙት፣ «ዘላለማዊ ኬሚካሎች» የሚባሉት ደግሞ የካርቦንና የፍሎሪን ትስስራቸው እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ናኖ ብረት ብቻውን አይበቃቸውም።

## መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ይገጥመዋል?

ጠርሙስ ውስጥ ያለው ውጤትና መሬት ውስጥ ያለው ውጤት የሚለያዩት እዚህ ነው። ጥቁሩ ድብልቅ በጉድጓድ በኩል በግፊት ይገባል። ብረቱ ግን ማግኔታዊ ነው፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ተያይዘው ሰንሰለትና ጓል ይሆናሉ። ጓሉ በአሸዋው ቀዳዳዎች መካከል ይቀረቀራል። ምንም ካልተደረገለት ከገባበት ጉድጓድ ብዙም አይርቅም፤ ቢረዳውም የሚጓዘው በአብዛኛው ጥቂት ሜትር ነው።

መፍትሔ ተብለው የተሞከሩት ብዙ ናቸው። ከዕፅዋት በሚገኝ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ወይም በጓር ሙጫ መሸፈን የተለመደ ነው፤ ሁለቱም ምግብ ለማወፈር የሚያገለግሉ ናቸው። በጀርመን ላይፕዚግ የሚገኘው የሄልምሆልትስ የአካባቢ ምርምር ማዕከል ብረቱን የካርቦን ቅንጣት ላይ አስቀምጦ የሚጓዝበትን መንገድ አዘጋጅቷል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ያደረገው ደግሞ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1968 አፖሎ 7 ከተነሣበት በፍሎሪዳ ከሚገኘው 34ኛው ማስወንጨፊያ ሥር ያለው መሬት ለሮኬት ሞተር ማጽጃ በዋለ ትራይክሎሮኢቲሊን ተበክሎ ነበር። የናሳ ባለሙያዎች ብረቱንና ውሃውን በአትክልት ዘይት ጠብታ ውስጥ ከተቱት። ትራይክሎሮኢቲሊን ከውሃ ይልቅ ዘይት ስለሚስማማው ወደ ጠብታው ይገባል፤ ውስጥ ብረቱ ይጠብቀዋል። ቅንጣቱ መርዙን ማሳደዱ ቀርቶ መርዙ ወደ ቅንጣቱ እንዲመጣ ማድረጋቸው ከሰማኋቸው መፍትሔዎች ሁሉ ብልሁ ነው።

ሌላው ፈተና ውሃው ራሱ ነው። ኤሌክትሮን የሚቀበለው በካዩ ብቻ አይደለም፤ ውሃም ይቀበላል፣ ሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣል። መሬት ውስጥ ከበካዩ ሞለኪውል ይልቅ የውሃው ሞለኪውል እጅግ ስለሚበዛ አብዛኛው ብረት መርዙን ሳያገኝ ውሃ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ከዚህ የተነሣ ተመራማሪዎች ቅንጣቱን ከድኝ ጋር ማዋሐድ ጀመሩ። በድኝ የታከመ ብረት ለውሃ የሚሰጠው ኤሌክትሮን ያንሳል፤ ለትራይክሎሮኢቲሊን የሚሰጠው ይበዛል። በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ከታዩት ለውጦች እጅግ ተስፋ ሰጪው ይህ ነው፤ የቅንጣቱን ዋና ድክመት በቀጥታ ይነካልና። የሚወጣው ሃይድሮጅንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ኪሳራ አይደለም። ዴሃሎኮኮይድስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅኑን ተጠቅመው ክሎሪን ይነቅላሉ፤ ብረቱ ካለቀም በኋላ ሥራው በእነርሱ ሊቀጥል ይችላል።

የክሎሪን መነቀል ግን መሐል ላይ እንዳይቆም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከትራይክሎሮኢቲሊን ሁለት ክሎሪን ብቻ ተነቅሎ ከቀረ ቪኒል ክሎራይድ ይፈጠራል፤ እርሱም ካንሰር አምጪ ነው።

## ናኖ ብረት ራሱ ጉዳት የለውም?

ብረት ከምድር ቅርፊት ክብደት 5 በመቶ ያህሉ ነው፤ የናኖ ብረት ፍጻሜም ዝገት ነው። ይህ የሚያረጋጋ እውነት ነው፤ ሙሉ መልስ ግን አይደለም። በቤተ ሙከራ ትኩስ ናኖ ብረት በተለይ ኦክስጅን በሌለበት ባክቴሪያዎችን እንደሚገድል ታይቷል። የመሬት ውስጥ ተሕዋስያን ደግሞ፣ እንዳየነው፣ የጽዳቱ አጋሮች ናቸው። የብሪታኒያው ሮያል ሶሳይቲና የምሕንድስና አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሪፖርት ጥቅሙ ከአደጋው እንደሚበልጥ ምርምር እስኪያሳይ ድረስ ነጻ ናኖ ቅንጣቶች ለብክለት ማጽጃነት እንዳይለቀቁ መክረዋል። ከዚያ በኋላ ናኖሬም የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለአራት ዓመታት ያህል ቅንጣቶቹን በእውነተኛ የተበከሉ ቦታዎች እየሞከረ ደኅንነታቸውን አጥንቷል።

መሐንዲሶች የሚያማርሩበት የቅንጣቱ ሩቅ አለመጓዝ በዚህ በኩል ሲታይ መልካም ነው፤ ካስገቡበት ርቆ ወደ ሰው የውኃ ጉድጓድ የመድረስ ዕድሉ ጠባብ ነው። ሽፋን እየተደረገለት ርቆ እንዲሄድ በተሠራ መጠን ግን የደኅንነት ጥያቄውም እንደገና መታየት አለበት። ሥራውን ለማፋጠን ፓላዲየም የተባለ ሌላ ብረታ ብረት የተጨመረበት ዓይነት ደግሞ ብረት ብቻ አይደለም፤ ውድም ነው፤ ፓላዲየሙም መሬት ውስጥ ይቀራል።

## ለየትኛው ቦታ ይሆናል?

በጠባብ ቦታ ላይ ለተከማቸ፣ በጥልቀት ለሚገኝ ወይም ሕንፃ ለተሠራበት ብክለት ይሆናል። ሰፊ ቦታ ላይ ስስ ሆኖ ለተዘረጋ ብክለት ግን ብረቱ ገንዘብ ይጨርሳል፤ አብዛኛውም ውሃ ላይ ያልቃል። ለዚያ ግድግዳው ወይም ባክቴሪያዎቹ ይሻላሉ። በሸክላ አፈር ውስጥ የገባ በካይ ደግሞ ብረቱ ካለቀ በኋላ ቀስ ብሎ እየወጣ ውሃውን እንደገና ሊበክል ይችላል። ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ ከመርፌው በኋላ የመከታተያ ጉድጓዶችን ለዓመታት ይመረምራሉ።

የመጀመሪያው የመስክ ሙከራ ውጤት እንዴት መነበብ እንዳለበት ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው በዚህ ጥናት ዳንኤል ኤሊዮትና ዣንግ በኒው ጀርሲ፣ ትሬንተን በሁለት ቀናት ውስጥ ፓላዲየም የተጨመረበት 1.7 ኪሎ ግራም ናኖ ብረት ወደ መሬት አስገቡ። ትራይክሎሮኢቲሊኑ በአራት ሳምንት ክትትል ውስጥ እስከ 96 በመቶ ቀነሰ። ከሁለት ኪሎ ለማይሞላ ዱቄት ይህ ትልቅ ውጤት ነበር፤ መላውን ዘርፍ ያንቀሳቀሰውም እርሱ ነው። ነገር ግን «እስከ» የሚለው ቃል የተገኘውን ከፍተኛ ቅናሽ እንጂ የሁሉንም ነጥብ አማካይ አይናገርም፤ አራት ሳምንትም ብረቱ ገና ትኩስ የሆነበት ጊዜ ነው። ዛሬ ስለ ናኖ ብረት 90 ወይም 99 በመቶ የሚል ቁጥር ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው፦ ሙከራው በጠርሙስ ነው ወይስ በመሬት ውስጥ፣ በካዩ ወደ ምን ተለወጠ፣ ናሙናው የተወሰደው መርፌው በገባ በስንተኛው ወር ነው።